መድፍ የሌለው የመድፍ ሙዚየም ምን ይጠብቃል?

ጥያቄ፦ «ፒያሳ የምኖር፣ ጡረታ የወጣሁ የሒሳብ መምህርት ነኝ። ልጄን ለመጠየቅ ሎስ አንጀለስ በሄድኩ ጊዜ ሳን ፔድሮ በሚባለው የወደብ ሰፈር ወዳለው ፎርት ማክአርተር ሙዚየም ወሰደችኝ። የባሕር ጠረፍ መድፎችን ታሪክ የሚጠብቅ ትንሽ ሙዚየም ነው። ትልልቆቹ መድፎች ግን በቦታቸው የሉም። ያየሁት ባዶ የአርማታ ጉድጓድ፣ ጨለማ መተላለፊያ፣ የስልክ ቀፎ፣ ካርታና ጠረጴዛ ነው። ምሽጉም በጠላት መርከብ ላይ አንድ ጊዜ እንኳን እንዳልተኮሰ ነገሩኝ። አገሬ ገብቼ በቴዎድሮስ አደባባይ ባለፍኩ ቁጥር ይኸው ጥያቄ ይመላለስብኛል። መድፍም ውጊያም ከሌለ እነዚያ ሰዎች የሚጠብቁት ምኑን ነው? መድፍ ያለን እኛስ ከእነሱ የምንማረው ይኖራል?»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህርት፣ ጥያቄዎ በጣም አስደስቶኛል። አብዛኛው ጎብኚ ባዶውን ጉድጓድ አይቶ ቅር ብሎት ይመለሳል እንጂ ለምን ባዶ እንደሆነ አይጠይቅም። ሥራዬ አሮጌ የጦር መሣሪያዎችን፣ በተለይም መድፎችን፣ ከዝገትና ከመረሳት መጠበቅ ስለሆነ ጉዳዩ ልቤን ይነካዋል። ዋናውን መልስ አስቀድሜ ልንገርዎ። የባሕር ጠረፍ መከላከያ ከሁሉ በፊት የመለካትና የማስላት ሥራ ነበር፤ መድፉ የሚመጣው ስሌቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሳን ፔድሮ ያሉት ሰዎች የሚጠብቁት ስሌቱ የተሠራበትን ቤት ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ የያዝነው ደግሞ ተቃራኒውን ነው፤ ብረቱ አለ፣ የተሠራበት ሥራ ግን አይታይም። ስለዚህ አዎ፣ የምንማረው አለ፤ ብዙም ነው። ከዚህ በታች ዓ.ም. ያላልኩባቸውን ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ያንብቡልኝ።

በመጀመሪያ ስላዩት ጉድጓድ። ፎርት ማክአርተር የተሰየመው በጄኔራል አርተር ማክአርተር ስም ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዝናው የገነነው የዳግላስ ማክአርተር አባት ናቸው። ስሙን ያገኘው በ1914 ሲሆን፣ ሙዚየሙ ያለበት ባትሪ ኦስጉድ-ፋርሊ (ባትሪ ማለት እዚህ አብረው የሚተኩሱ መድፎች የተተከሉበት ምሽግ ነው) ሁለት ባለ 14 ኢንች መድፎች ነበሩት። 14 ኢንች የአፈሙዙ ስፋት ነው፤ 35 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ይሆናል። የአንዱ አረር ክብደት ወደ 700 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ የሚወረወረውም ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እነዚህ መድፎች የተተከሉት ከባሕር በኩል እንዳይታዩ ሆነው ነው። ከወፍራሙ የአርማታ ግድግዳ ጀርባ ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ፣ እዚያው እንደተሸሸጉም ይጎርሳሉ። ከዚያ በሥራቸው የተንጠለጠለው ከባድ የእርሳስ ክብደት ሲለቀቅ፣ ክብደቱ ሲወርድ መድፉ ተነሥቶ ከግድግዳው በላይ ብቅ ይላል። ሲተኩስ ደግሞ የራሱ ግፊት ወደ ኋላና ወደ ታች ይመልሰዋል፤ በዚሁ ጉልበት ክብደቱ ለሚቀጥለው ተኩስ ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎ ባዶ ነው ያሉት ጉድጓድ ይህ ሁሉ እንቅስቃሴ የተለካበት ልክ ነው። ጥልቀቱ የክብደቱን መውረጃ ይነግረናል፤ ክቡ መድፉ ምን ያህል እንደሚዞር ያሳያል፤ የግድግዳው ከፍታ ሠራተኞቹ በምን ተከልለው እንደነበር ይመሰክራል። የባለሙያ ዓይን ያለው ሰው ከዚያ ጉድጓድ መድፉን መልሶ መሣል ይችላል። ከመድፉ ግን ጉድጓዱን ማወቅ አይቻልም።

መድፎቹ የት ሄዱ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ጊዜ አልፎባቸው ነበር። ከባሕር የሚሸሽጋቸው ግድግዳ ከሰማይ አይሸሽጋቸውም፤ አውሮፕላን ሲመጣ ጣሪያ የሌለው ጉድጓድ ወጥመድ ሆነ። አፈሙዛቸው ብዙ ቀና ስለማይል ርቀታቸውም ከአዳዲሶቹ የጦር መርከቦች መድፎች አነሰ። በምትካቸው በወፍራም አርማታ ጣሪያ ሥር የተቀመጡ ባለ 16 ኢንች መድፎች መጡ፤ አሮጌዎቹ ተቆራርጠው ለማቅለጫ ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ የአዳዲሶቹም ተራ ደረሰ። የአሜሪካ ጦር ራሱን የቻለ የባሕር ጠረፍ መድፈኛ ክፍል ያቋቋመው በ1907 ነበር፤ በ1950 አፈረሰው። ብረት ዋጋ ስላለው ሁልጊዜ ገዢ ያገኛል፤ አርማታውን ግን ማንም አይገዛውም፣ ለማፍረስም ወጪው ብዙ ነው። በብዙ አገር የባሕር ዳርቻ ምሽጉ ቀርቶ መድፉ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጨለማዎቹ ክፍሎች እንግባ፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ሙያ ከእኔ ይበልጣል።

መርከብ ተንቀሳቃሽ ዒላማ ነው። በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የጦር መርከብ በአንድ ሴኮንድ ከ10 ሜትር በላይ ይሄዳል። አረሩ 20 ኪሎ ሜትር ለመብረር 50 ሴኮንድ ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ አረሩ አየር ላይ እያለ መርከቡ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መርከቡ ራሱ 200 ሜትር ርዝመት ቢኖረው እንኳን አሁን ወዳለበት ቦታ መተኮስ ባሕሩን መምታት ነው። ለመለካት፣ ለማስላትና መድፉን ለማስተካከል የሚወስደው ጊዜ ሲጨመርበት መተኮስ ያለበት መርከቡ ከደቂቃ በኋላ ወደሚደርስበት ቦታ ነው። መድፈኛው ደግሞ ከግድግዳ ጀርባ ሆኖ መርከቡን አያየውም።

መፍትሔው ለተማሪዎችዎ ለዓመታት ያስተማሩት ጎነ ሦስት ነው። በባሕሩ ዳርቻ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው ሁለት የመመልከቻ ጣቢያዎች ይሠራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በጥንቃቄ ይለካል። ይህ መነሻ መስመር ነው። በእያንዳንዱ ጣቢያ አንድ ሰው በመነጽር መርከቡን እየተከተለ ማዕዘኑን እስከ አንድ መቶኛ ዲግሪ ድረስ ያነብባል። አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘኖች ሲታወቁ የመርከቡ ቦታ ታወቀ ማለት ነው። ችግሩ ግን ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቅጽበት ካላነበቡ ጎነ ሦስቱ ሐሰት ይሆናል፤ አንዱ ጥቂት ሴኮንዶች ቢዘገይ መርከቡ ቦታውን ለውጧል። ስለዚህ በሁሉም ጣቢያዎችና በማስሊያው ክፍል በአንድነት የሚጮህ ደወል ነበር፤ በየ15፣ በየ20 ወይም በየ30 ሴኮንዱ ይደውላል። ደወሉ ሲደውል ይነበባል፣ የተነበበው በስልክ ይነገራል፣ ማስሊያው ክፍል ውስጥ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ባሉት የብረት ክንዶች ነጥቡ ምልክት ይደረግበታል። ቀጣዩ ደወል ቀጣዩን ነጥብ ይሰጣል። ነጥቦቹ መስመር ሲሠሩ የመርከቡ አቅጣጫና ፍጥነት ይታያል፤ ወደፊት የሚደርስበት ነጥብም ይገመታል። ያዩት ጠረጴዛና የስልክ ቀፎ የዚህ ሥራ ዕቃዎች ናቸው።

መነሻ መስመሩ ለምን ያን ያህል መርዘም እንዳስፈለገው እርስዎ በአንድ ደቂቃ ያሰሉታል። በርቀት ላይ የሚመጣው ስህተት በግምት ርቀቱ በራሱ ተባዝቶ ለመነሻ መስመሩ ተካፍሎ፣ በማዕዘኑ ስህተት ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ማዕዘኑ ሬዲያን በሚባለው የማዕዘን መለኪያ መሆን አለበት። መርከቡ 20 ኪሎ ሜትር ላይ ነው እንበል፤ የማዕዘኑ ስህተት አንድ መቶኛ ዲግሪ ነው። መነሻ መስመሩ 1 ኪሎ ሜትር ከሆነ ስህተቱ 70 ሜትር ያህል ይሆናል። 5 ኪሎ ሜትር ከሆነ ግን ወደ 14 ሜትር ይወርዳል። በካሊፎርኒያ ዳርቻ ከመድፉ ርቀው በየኮረብታው ላይ ብቻቸውን የቆሙት ትናንሽ የአርማታ ጎጆዎች የዚህ ስሌት ልጆች ናቸው። መንገደኛ የጥበቃ ቤት ይመስሉታል፤ ለእኔ ግን ከመድፉ እኩል ናቸው፤ እነሱ ሲፈርሱ ሳይ የሚሰማኝ ሐዘን ትልቅ ነው።

ሁለተኛም ዘዴ ነበር፤ ከፍ ካለ ገደል ላይ ሆኖ ወደ ታች የሚታየውን ማዕዘን መለካት። እዚህ ላይ መነሻ መስመሩ ቁመቱ ነው፤ ስለዚህ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ሲሞላና ሲጎድል ቁመቱ ይለወጣልና የውሃው ልክ በየጊዜው መታወቅ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ማስተካከያው ይቀጥላል። ነፋሱ፣ የአየሩ ውፍረት፣ የባሩዱ ሙቀት፣ የአፈሙዙ ማርጀት፣ በረጅም ርቀት ላይ የምድር መሽከርከር ሁሉ ይታሰባል። ይህ ሁሉ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት በደወልና በስልክ፣ በጠረጴዛና በሠለጠኑ ወጣቶች የተሠራ ነው። አንዱ ወጣት ማዕዘኑን ያዳምጣል፣ አንዱ ክንዱን ያንቀሳቅሳል፣ አንዱ ነጥቡን ያመለክታል፣ አንዱ ማስተካከያውን ያነብባል፤ ማናቸውም ብቻቸውን ሙሉውን ሥራ አያዩትም። በእኔ አስተያየት የሙዚየሙ እጅግ ውድ ንብረት ይህ የሥራ ክፍፍል ነው። ሊታወቅ የሚችለውም ክፍሎቹ በነበሩበት መጠን፣ ስልኮቹ በነበሩበት ግድግዳ ላይ ከቆዩ ብቻ ነው። ጠረጴዛውን አውጥተው በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት ዕቃ ብቻ ይሆናል።

«አንድ ጊዜ እንኳን አልተኮሰም» ላሉት ደግሞ አንድ ነገር ልበል። በፌብሩዋሪ 23 ቀን 1942 ምሽት አንድ የጃፓን ሰርጓጅ መርከብ በካሊፎርኒያ ዳርቻ በሳንታ ባርባራ አቅራቢያ ባለው የኤልዉድ የነዳጅ ዘይት ማውጫ ላይ ተኩሷል። የተኮሰው ግን በእነዚያ መድፎች ጥላ ሥር ባለው የሎስ አንጀለስ ወደብ ላይ አልነበረም። ምሽግ ጠላት እንዳይመጣ ከተሠራና ጠላት ካልመጣ፣ አልተኮሰም ብሎ መውቀስ ፍትሕ የለውም። በሌላ በኩል እዚያ ያገለገሉት ሰዎች ሕይወት አብዛኛው ልምምድ፣ ጥበቃና መሰልቸት ነበር። ይህም ታሪክ ነው፤ ከውጊያ ታሪክ ይልቅ ቶሎ የሚረሳውም ይህ ነው።

የተኮሱትን ምሽጎች ብናይም ነገሩ ከመድፉ በላይ ሆኖ እናገኘዋለን። በኤፕሪል 9 ቀን 1940 ገና ሳይነጋ የጀርመን ወራሪ ኃይል ወደ ኦስሎ በሚያስገባው ጠባብ የባሕር ሰላጤ ሲገባ፣ ኦስካርስቦርግ የተባለው የኖርዌይ ምሽግ አዛዥ ኮሎኔል ቢርገር ኤሪክሰን የመጀመሪያውን መርከብ እንዲመቱ አዘዙ። ዋናዎቹ መድፎች በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀርመን ውስጥ በክሩፕ ፋብሪካ የተሠሩ ነበሩ፤ ሙሴና አሮን ይባላሉ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ሁለቱም መቱ። ርቀቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በታች ስለነበር ስሌት ብዙ አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የመጡት እነማን እንደሆኑ በቅጡ ሳይታወቅ ለመተኮስ የሚያስችል ቆራጥነት ነበር። ከዚያም ጀርመኖቹ ከማያውቁት፣ ድንጋይ ተፈልፍሎ ከተሠራ ዋሻ ቶርፔዶ፣ ማለትም በውሃ ውስጥ ተጉዞ መርከብ የሚመታ ፈንጂ፣ ተለቀቀ። ብሉኸር የተባለው አዲሱ መርከብ በዚያው ጠዋት ሰጠመ፤ በተገኘው ጊዜም ንጉሡ፣ መንግሥቱና የአገሪቱ ወርቅ ከኦስሎ ወጡ። ዛሬ ምሽጉ ሙዚየም ነው፤ ሙሴና አሮን በቦታቸው አሉ። እኔ ግን ብጎበኘው ቀድሜ የምሄደው ወደ ቶርፔዶው ዋሻ ነው።

ቱርክ ውስጥ ያለው የዳርዳኔልስ የባሕር ሰርጥም እንዲሁ ነው። በማርች 18 ቀን 1915 የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች ሰርጡን ለመስበር ሲሞክሩ ቡቬ፣ ኢሪዚስቲብል እና ኦሽን የተባሉት ሦስት ትልልቅ የጦር መርከቦች ሰጠሙ። ያሰጠማቸው ከአሥር ቀን በፊት ኑስረት የተባለች ትንሽ የቱርክ መርከብ በጨለማ የዘራቻቸው 26 የባሕር ፈንጂዎች ናቸው። ታዲያ የዳርቻው መድፎች ምን ሠሩ? ፈንጂ ለቃሚዎቹ ጀልባዎች እየቀረቡ እንዳያጸዱ አደረጉ። ፈንጂው መድፉን ይፈልጋል፣ መድፉም ፈንጂውን። በሰርጡ ዳር ባለችው የቻናካሌ ከተማ ለጎብኚ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የኑስረት ቅጂ መሆኑ ተገቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የባሕር ጠረፍ ምሽግ አንድ የታወቀ ድካም አለው፤ ፊቱ ወደ ባሕር ስለሆነ በጀርባው ይያዛል። ሲንጋፖር በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1942 የወደቀችው በየብስ በኩል በመጣ ጦር ነው። መድፎቿ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ተተክለው ነበር የሚለው ወሬ ግን ትክክል አይደለም፤ ከትልልቆቹ አንዳንዶቹ ወደ የብስ መዞር ይችሉ ነበር፣ የነበራቸው አረር ግን በአብዛኛው የመርከብ ብረት ለመብሳት የተሠራ ስለነበር በእግረኛ ጦር ላይ ብዙ አልጠቀመም። በቀይ ባሕር ዳርቻም ምጽዋ በኤፕሪል 8 ቀን 1941 ከጣሊያን እጅ የወጣችው በየብስ በመጣው የእንግሊዝና የተባባሪዎቿ ጦር ነው። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ በጥቁር ባሕር ዳርቻ የነበረችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ሴባስቶፖል አለች። በኦክቶበር 17 ቀን 1854 የእንግሊዝና የፈረንሳይ መርከቦች የከተማዋን የባሕር ምሽጎች ቢደበድቡም ራሳቸው ተጎድተው ተመለሱ፤ ከተማዋ የተያዘችው ከአንድ ዓመት ገደማ የየብስ ከበባ በኋላ በ1855 ነው።

እንግዲህ የእርስዎ መንገድ ላይ ደረስን። አፄ ቴዎድሮስ ለታላቁ መድፋቸው የሰጡት ስም የዚያች የባሕር ምሽግ ከተማ ስም ነው፤ ባሕር በሌለበት በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው መድፍ በዚህ ስም ተጠራ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የቆመው ቅጂው መሆኑን ያውቃሉ ብዬ አምናለሁ፤ ዋናው እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ ነው። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይገመታል። በ1860 ዓ.ም. ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ መንገድ እየተቆረጠለት፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ የበሽሎን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ መቅደላ ደረሰ። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን እዚያው ራሳቸውን ሰዉ።

በእኔ እምነት የሴባስቶፖል ታሪክ ትልቁ ክፍል ያ መንገድ ነው። ስንት ሰው ጎተተ? በምን ገመድ? ቁልቁለቱ ላይ ማን ከኋላ ያዘው? ድንጋዩን ማን ፈነቀለ? አደባባዩ ላይ ቆሞ መድፉን የሚያይ ልጅ ስለዚህ አንዳች አያገኝም። የሚያየው ትልቅ ብረት ነው፤ ተገርሞ ያልፋል። ሳን ፔድሮ ያሉት ሰዎች መድፍ ሳይኖራቸው ያደረጉትን እኛ መድፍ እያለን ማድረግ እንችላለን። ከጎኑ የመንገዱ ካርታ፣ የቁልቁለቱ ከፍታ በሥዕል፣ አንድ ሰው መጎተት የሚችለው ክብደት ስንት እንደሆነና 7 ቶን ስንት ሰው እንደሚጠይቅ የሚያሳይ ስሌት ቢኖር ልጁ ቆሞ ያስባል። ፒያሳ ላይ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በ2016 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የወታደራዊ ታሪክ ጎብኚ ወደ መሀል ከተማው መምጣት ለምዷል፤ ከዚያ እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ያለው መንገድ የእግር መንገድ ነው።

መድፍ ያለን እኛ ልንጠነቀቅበት የሚገባው ሥራም አለ፤ ይህን ለግቢያቸው ወይም ለትምህርት ቤታቸው አሮጌ መድፍ የያዙ ሁሉ ቢያነብቡት ደስ ይለኛል። የአዲስ አበባ ክረምት ረጅም ነው፤ መድፍን ቶሎ የሚበላው አፈሙዙ ውስጥ የሚጠራቀመው ውሃ ነው። አፈሙዙ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል አለበት፤ ክዳን ቢደረግለትም አየር የሚያስወጣ ቀዳዳ ይተውለት፤ ሙሉ በሙሉ ከተደፈነ እርጥበቱን ይዞ ከውስጥ ይዝጋል። የእንጨት መንኮራኩር ያለው መድፍ በአፈር ወይም በሣር ላይ ፈጽሞ አይቁም፤ ድንጋይ ወይም ደረቅ አርማታ ላይ ሆኖ ከላይ ጣሪያ ይደረግለት። ነሐስ ሆኖ አረንጓዴ የለበሰውን ሳያማክሩ አያብለጭልጩት፤ ያ ልባስ ብዙ ጊዜ መከላከያው ነው፣ በንጹሕ ውሃ ለስላሳ እጥበትና በሰም መቀባት ይበቃዋል። ብረት ከሆነ ዝገቱን በአሸዋ ግፊት የሚያስፋቁ አሉ፤ እጅግ አጥብቄ እቃወማለሁ። በዚያ ሥራ የሚጠፋው የፋብሪካው ማኅተም፣ የተሠራበት ዓመትና ተራ ቁጥሩ ነው፤ እነዚህ ከጠፉ መድፉ ማን እንደሠራው፣ በየትኛው መንገድ እንደመጣ፣ የተገዛ ይሁን የተማረከ የምናውቅበት ምስክር የለም። ስለዚህ ከመጥረግም ከመቀባትም በፊት የኋላ መዝጊያውና መድፉ በእግሩ ላይ የሚያርፍባቸው ሁለቱ ጎኖች በደንብ ፎቶግራፍ ይነሡ፤ ማኅተሙ ወረቀት ተለጥፎበት በእርሳስ እየተፈተገ ይገለበጥ። ከባሕር ጠረፍ የመጣ ብረት ደግሞ ጨው በውስጡ ስለያዘ ላዩን አንቲረስት ቢቀቡትም ከሥር መብላቱን ይቀጥላል፤ እሱ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው። አሮጌ አረር ያላችሁም ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ፤ ሳትነኩት ለፖሊስ አሳውቁ።

ከብረቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አገራችን የባሕር ኃይል የነበራት አገር ናት። በ1955 ተቋቁሞ ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ነበር፤ «ኢትዮጵያ» የተባለችው ትልቋ መርከብም ከ1962 ጀምሮ አገልግላለች። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከእጅ ወጣች፤ መርከቦቹም በተከታዮቹ ዓመታት ተበታተኑ። ዕቃው ባይኖረንም ሰዎቹ አሉን። በዚያ ኃይል ያገለገሉ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈራችን የሚኖሩ አባቶች አሉ፤ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ሬዲዮ የያዘው፣ ሞተር የጠበቀው፣ ራዳር ያነበበው እያንዳንዱ የሥራውን ቁራጭ ያውቃል። እንደ ማስሊያው ክፍል ወጣቶች ሙሉው ታሪክ የሚገኘው ቁርጥራጩ ሲገጣጠም ነው። «ስለ ጦርነቱ ይንገሩን» ብሎ መጠየቅ ጥሩ ውጤት አያመጣም። «ጠዋት ስንት ሰዓት ተነሡ? መጀመሪያ እጅዎ ያረፈው በየትኛው ዕቃ ላይ ነው? ከእርስዎ ቀጥሎ ማን ነበር፣ ምን ብሎ ይጠራዎት ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ሙዚየም የሚሠራበትን ቁሳቁስ ያወጣል። ፎቶግራፋቸውን አይውሰዱባቸው፤ በስልክ አንሥተው ዋናውን ይመልሱላቸው፤ ከጀርባው የተጻፈ ካለ እሱንም ያንሡ። በፎቶው ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም ራሳቸው እያዩ ይንገሩ።

እርስዎን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። ጡረታ ቢወጡም የሚያስጠኗቸው የሰፈር ልጆች እንደማይጠፉ እገምታለሁ፤ የማስሊያውን ክፍል ሥራ ከእነሱ ጋር ይሞክሩት። መርከብ ስለሌለን ቀላሉን ባቡር እንጠቀማለን። ባቡሩ ከስታዲየም ወደ እስጢፋኖስ ሲያልፍ የሚታይባቸው ሁለት የተጠበቁ፣ ከመኪና መንገድ የራቁ ቦታዎች ይምረጡና በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ፤ 100 ሜትር ይበቃል። በእያንዳንዱ ቦታ አንድ ልጅ በሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ፕሮትራክተርና ቀጥ ያለ ማነጣጠሪያ ዘንግ ይያዝ። የስልክ ኮምፓስ አይጠቀሙ፤ የአርማታው ፌሮና መኪናው ሁሉ ያሳስተዋል። ሦስተኛው ልጅ በየ10 ሴኮንዱ ደወል ይደውል፤ ሁለቱ ማዕዘናቸውን በስልክ ይናገሩ፤ አራተኛው በወረቀት ላይ ነጥቡን ያስቀምጥ። ሦስት ነጥብ ካገኙ በኋላ አራተኛው ደወል ሲደውል ባቡሩ የት እንደሚደርስ አስቀድመው ምልክት ያድርጉ፤ ከዚያ ከእውነቱ ጋር ያስተያዩት። ባቡሩ ወደ ጣቢያ ሲቀርብ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ግምታቸው ይበላሻል፤ የጦር መርከብ አዛዦችም ፍጥነትና አቅጣጫ እየቀያየሩ መድፈኞቹን የሚያሳስቱት በዚሁ መንገድ እንደነበር ያን ጊዜ ይንገሯቸው። ባቡሩ 400 ሜትር ቢርቅና ልጆቹ በግማሽ ዲግሪ ቢሳሳቱ በርቀት ላይ የሚመጣው ስህተት 14 ሜትር ያህል ነው፤ ከላይ ያሰላነው፣ 5 ኪሎ ሜትር መነሻ መስመር የነበረው ጣቢያ 20 ኪሎ ሜትር ላይ የሚሳሳተውን ያህል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከሆነባቸው ፕሮትራክተሩን በትልቁ ይሥሩላቸው።